ቁምሳጥኑና ዓይኑ ዐ

መስከረም 14

ለአጎቴ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለኸው ሊፍት ጠጋኝ ወንድሜ፦

ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? የምትበላው ይስማማሃል? ሦስቱንም ጠይቂው ያለችኝ እናቴ ናት፤ ለእኔ ቢሆን “አለህ ወይ?” ብዬ ወደ ወሬዬ እገባ ነበር። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእናቴ ጉልበት እንደ ወትሮው ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል። “ከእናንተ ጣቢያ ትንበያ የእኔ ጉልበት ይሻላል” እያለች ትሳለቅብኛለች።

ትንበያን ካነሣሁ አይቀር የሆዴን ላውጋህ። እንደምታውቀው በክፍለ ሀገሩ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስርጭት ክፍል ውስጥ ካሴት የማጫውተው እኔ ነኝ። በቅርቡ ከዋናው ጣቢያ አንድ መሣሪያ ተላከልን። እነሱ ተጠቅመውበት ጠግበውታል፤ ለእኛ አዲስ ነው። ቁመቱ እንደ ቁምሳጥን ስለሆነ ስሙም ቁምሳጥኑ ሆኖ ቀረ። በሩን ስትከፍተው ውስጡ መደርደሪያ ነው፤ ካሴቶቹ በየፎቃቸው ቆመዋል። መካከል ላይ አንዲት የብረት እጅ አለች። ሽቅብ ቁልቁል እየሄደች የታዘዘችውን ካሴት ቆንጥጣ ታወጣና ከታች ላሉት ማጫወቻዎች ታጎርሳለች፤ ሲያልቅ ወደ ቦታው ትመልሳለች። ማስታወቂያው፣ ትንበያው፣ የኳስ ውጤቱ፣ የሞተ ሰው መርዶው፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚወጣው። ድሮ እጇ እኔ ነበርኩ፤ ከመደርደሪያ ወደ ማጫወቻ ስሮጥ ጫማ አልበረክት ብሎኝ ነበር። አሁን ወንበሬ ላይ ተደላድዬ አያታለሁ።

ታዲያ ሰሞኑን አመል አወጣች። የታዘዘችውን ትታ የጎረቤቱን ካሴት ታመጣለች። ባለፈው ዜና አንባቢያችን ኮስተር ብሎ “አሁን የነገውን የአየር ሁኔታ እንመለከታለን” እንዳለ የልብስ ሳሙና የምታስተዋውቀው ሴት እየዘፈነች ብቅ አለች። በማግስቱ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ “ነገ ልብስ እንጠብ ወይስ ይዘንባል?” እያለ አሳቀቀኝ። ቴክኒሻናችን፣ መሣሪያ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ዶክተር የምንለው፣ ችግሩ እጇን ሽቅብ ቁልቁል የሚጎትተው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ነው ይላል። አንተ የምትጠግነው ሊፍት ነው፤ ይሄም ዞሮ ዞሮ ሊፍት ነው። ምን ይመስልሃል? ቺንጋው እዚያ ከተገኘም ፈልግልን። ልኩን በክር ለክቼ ፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ክሩን ቆሻሻ መስሎህ እንዳትጥለው።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። አባትህ ጣቢያ መጥተው የራሳቸውን መርዶ አስቀረጹ።

አትደንግጥ፤ ምንም አልሆኑም። ወዳጃቸው ባርኔጣ ሰፊው የሞቱ ጊዜ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው “ባርኔጣ ሰፊ”ን “በርሜል ሰፊ” አድርጎ አወጣው። አባትህን ታውቃቸዋለህ። ዕድሜ ልካቸውን የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው የሌላ ሰው ፊደል ስህተት እንደ ጥርስ ሕመም ነው የሚሰማቸው። “እኔንማ በርሜል አድርገው አይቀብሩኝም” አሉና ነጭ ካርቶን ላይ በገዛ ብሩሻቸው አሳምረው ጽፈው መጡ። ካርቶኑ ተቀረጸ፤ ሲያስፈልግ ትወጣለች ተብሎ ካሴቷ ቁምሳጥን ገባች።

ካርቶኑ ላይ “ዐርፈዋል” የሚለው በዓይኑ ዐ ነው የተጻፈው። አለቃችን “ጋሼ፣ በአልፋው አ ቢጻፍስ ምን ለውጥ አለው?” ቢላቸው ምን አሉ መሰለህ? “ደክሞት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በአልፋው አ ያርፋል፤ ነገ ይነሣል። በዓይኑ ዐ ያረፈ አይነሣም።” ይህን ሕግ ጣቢያችን ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ስለ እሳቸው እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። ብሩሹን ጥለህ የሄድክ ዕለት “እንግዲህ ደብዳቤም እንዳትጽፍልኝ” ማለታቸውን ያልሰማ ዘመድ የለም። እኔን ግን አትንገሪው ያለኝ ስለሌለ እነግርሃለሁ። ካርቶኑ ላይ ምን እንደተጻፈ ብቻ አልነግርህም፤ እሱ የራሳቸው ነው።

እናቴ ጉንጭህን ትስማለች። ከፍ ካለ ፎቅ ላይ ስትሠራ ፈጣሪ እጁን ከሥርህ ያድርግ።

እህትህ፣ የካሴቷ


ኅዳር 3

ለታላቅ እህቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለአክስቴ ጉልበት ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ከትንበያውም ከእኛም በላይ ዕድሜ ይስጠው። መልሴ የዘገየው በክፋት አይደለም። አንድ ረጅም ሕንጻ ላይ ተመድበን ከሊፍቱ ጉድጓድ ሳልወጣ ሰነበትኩ።

እኔ ደህና ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው መምህሩም ደህና ነው። ስለ እሱ ጽፌልሽ አላውቅም። አገር ቤት ሳለ ቋንቋ ያስተምር ነበር፤ አሁን ሆስፒታል ወጥ ቤት ሽንኩርት ይልጣል። ዓይኑ ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሆዱ እስካሁን አልለየሁም። ለገበያ እንኳ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ሲጽፍ ፊደሉን አጥርቶ፣ ነጥቡን አስተካክሎ ነው። አንድ ቀን “ሥጋ”ን በእሳቱ ሰ ጽፌ ብሄድ ራት ከለከለኝ።

የቁምሳጥናችሁ በሽታ የታወቀ ነው። ሊፍት ዓይን የለውም። ከታች ተነሥቶ ቺንጋው ምን ያህል እንደዞረ እየቆጠረ ነው የት እንደደረሰ የሚያውቀው። ቺንጋው ሲለጠጥ ቆጠራው ይዛባል። አራተኛ ፎቅ ደረስኩ ብሎ ሦስተኛ ላይ ይቆማል፤ እሱ ግን ልክ የሠራ ነው የሚመስለው። እዚህ አንድ ሽማግሌ በዚህ ምክንያት ከእሳቸው ሥር ያለው ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ተገኙ። ባለቤቲቱ ስትጮህ “አንቺ ደግሞ ማን አስገባሽ?” አሏት።

ስለዚህ ቺንጋው እስኪቀየር ድረስ በስህተት ብትወጣ የምታስደነግጥ ካሴት ካለች ሁልጊዜ ከምትወጣ ካሴት ሥር አታስቀምጧት። ክርሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚጠግን ሁሉ ዘንድ እያወጣሁ ስለካ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ የሚመስላቸው አሉ።

ለአክስቴ፣ ለእህቶችሽ፣ ለዶክተር፣ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ፣ ሁልጊዜ ለሚያባርረኝ ለዚያ ውሻ እንኳ ሳይቀር ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። ያቺ ካሴት ረጅም ናት? ለሌላ አይደለም፤ ረጅም ካሴት ለእጇ ይከብዳታል ብዬ ነው።


ጥር 9

ለወንድሜ፦

ጤናና ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጡልህ። ለዘረዘርካቸው ሁሉ ሰላምታህን አድርሻለሁ። ውሻውም ጅራቱን ቆልቷል። ሰላም ያልተባለ አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሱን ለራስህ ተውኩት።

ካሴት ረጅምም ሆነ አጭር ሳጥኑ ያው፣ ክብደቱም ያው ነው። ይህን አንተም አታጣውም። ለጠየቅከኝ ግን መልሱ፦ አጭር ናት። ከሚገባት በላይ አጭር ናት። ከዚህ በላይ አታስለፍልፈኝ።

አባትህ እንደሆኑ እየመጡ ካሴታቸውን ይጎበኛሉ። የቁምሳጥኑን በር አስከፍተው ቆም ይሉና “አቧራ አለባት” ብለው በመሐረባቸው ይጠርጓታል። እናትህ ካለፉ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሎባቸዋል መሰለኝ፤ ሱቃቸው ውስጥ የማይጠገን ወንበር ሲጠግኑ ይውላሉ። ደግሞ ፖስተኛው በብስክሌት ሲያልፍ ሁልጊዜ በር ላይ ናቸው። አንድ ቀን “ምን ይጠብቃሉ?” ብላቸው “ፀሐይ እየሞቅሁ ነው” አሉኝ። ሰማዩ ጥቁር ነበር።

ምክርህን ለአለቃችን ነገርኩት። የአባትህ ካሴት የተቀመጠችው በትክክል ከኳስ ውጤቱ ሥር ነው። ኳስ ደግሞ የማያይ የለም። “ጌታዬ፣ እባክህ ከዚያ እናውጣት” ብለው “የተቀመጠ ካሴት ምን ያደርግሻል? ሰውየው ራሳቸው ከሞቱ አይደለም እንዴ የምትወጣው?” አለኝ። ሊፍት እንዴት እንደሚቆጥር ላስረዳው ብሞክር ስብሰባ አለኝ ብሎ ሄደ። እንግዲህ ቺንጋውን ቶሎ ላክ።

አንድ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ፎቶህን ላክ። የጠየቀችው እናቴ ናት። እናቴ እንግዲህ ያለ መነጽር እጇን እንኳ አታይም፤ መነጽሯም ከተሰበረ ቆይቷል። ግን የጠየቀችው እናቴ ናት።

እህትህ


የካቲት 6

ለእህቴ፦

ሰላምሽ ይብዛ። ቺንጋው ተገኘ። ድሮ የጽሕፈት መኪና ይጠግን የነበረ አንድ ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ክርሽ ላይ ሳደርገው ልክክ አለ። በፖስታ ልኬዋለሁ፤ ዶክተር ሲገጥመው ብዙ እንዳይወጥረው።

ፎቶውም አለ። ሊፍት ውስጥ የቆምኩት ለማማር አይደለም። ከኋላዬ ያለው የፎቅ ቁጥር እንዲታይ ነው። ፋብሪካው የሚለጠፍ ቁጥር ይልካል፤ ለጥፈን ሳንወርድ ጫፉ ይገነጠላል። ስለዚህ በብሩሽ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሥራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ግን የሌላውን ሕንጻ ቁጥር ሲያዩ “ይሄ ያንተ አይደለም” ይላሉ።

ፎቶውን ለአክስቴ ስጪልኝ። ከእሷ በኋላ ማን እንደሚያየው አልጠይቅም።

ወንድምሽ


መጋቢት 2

ለወንድሜ፦

ሰላምታውን አቆይልኝና ይህን አስቀድመህ አንብብ፦ አባትህ ደህና ናቸው። አሁንም ይህን የምጽፈው እሳቸው ከመስኮቴ ማዶ መንገድ ሲሻገሩ እያየሁ ነው።

ቺንጋህ ሳይደርስ ቁምሳጥኑ ጉድ ሠራን። ትናንት ምሽት ላይ የኳስ ውጤት የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ነው። እጇን አዘዝኳት። ወጣች፤ አንድ ፎቅ ሲቀራት ቆመች፤ ከሥር ያለችውን ካሴት ቆንጥጣ አጎረሰች። እኔ ተነሥቼ ቁልፉ ጋ እስክደርስ ድረስ የአባትህ ነጭ ካርቶን አገር ምድሩን ሞላው።

አሁን ከተማው ያነበበውን ካንተ ብደብቅ ትርጉም የለውም። እንዲህ ነው የሚለው፦ “የታፔላ ጸሐፊው ዐርፈዋል። እህትና የእህት ልጆች አሏቸው። የጻፏቸው ታፔላዎች ቆመዋል።” በቃ፤ ይኸው ነው። አጭር ናት ያልኩህ ለዚህ ነበር።

እሳቸው የት እንደነበሩ ገምት። ፀጉር ቤት፣ ወንበሩ ላይ፣ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ። ቴሌቪዥኑ ከመስታወቱ በላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የነገረኝን ነው የምነግርህ። ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ “ጋሼ... እርስዎ ነዎት እንዴ?” አላቸው።

“ነኝ” አሉ።

“ታዲያ ምን ልሁን? ልላጭ ወይስ ልተው?”

“ቆይ፣ ፊደሉን ልየው” አሉና አንገታቸውን ቀና አድርገው አነበቡ። “ዓይኑ ዐ ጥሩ ወጥቷል።”

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ከኋላ “ጋሼ፣ ባሕር ማዶ ያለው ልጅዎስ? እሱ የለም እንዴ?” አለ። ለክፋት አይደለም፤ ሰው ያየውን ይጠይቃል።

አባትህ አረፋውን በፎጣው ጠርገው፣ ግማሽ ፊታቸው እንደተላጨ ተነሥተው ወጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ በራፉ ሰው በሰው ሆኗል። ወንበር ተሸክሞ የመጣ አለ፤ ሻይ በፔርሙስ የያዘ አለ። ልብስ ሰፊዋ፣ እኛ ሬዲዮ የምንላት፣ ገና ከመንገዱ ጥግ ጀምራ እያለቀሰች መጥታ በሩን የከፈቱላት እሳቸው ራሳቸው ሆኑ። አየቻቸውና ማልቀሷን ቀጠለች። “እኔ እኮ አለሁ” ቢሏት “አውቃለሁ፤ ግን ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው” አለች። ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ከለቅሶው በላይ ሆነ። እናቴ እየሮጠች፣ በዚያ ጉልበቷ፣ መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ለሁሉም ሻይ ቀዱ፤ ወንበሩ ሳይመለስ ተጨዋወቱ፤ ከዚያ ደከመኝ ብለው ገብተው ጋደም አሉ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስህ ሮጬ ጣቢያ ገባሁና ቤታችሁ ደወልኩ። ያነሣው መምህሩ ነበር። መስመሩ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ጮክ ብዬ “ስለ አባቱ ምንም ቢሰማ እንዳይደነግጥ! ጋሼ ቤታቸው ገብተው በሰላም አርፈዋል በለው” አልኩት። “ሰማኸኝ?” ስለው “ሰምቻለሁ እህቴ፣ እናንተንም ያበርታችሁ” አለኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዛሬ ጠዋት አባትህ ጣቢያ መጡ። አለቃችን ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ንግግርም አዘጋጅቷል። እሳቸው ግን “ካርቶኔን ስጡኝ” ብቻ አሉ።

“ጋሼ፣ ካርቶኑማ ምንም ስህተት የለበትም፤ ስህተቱ የመሣሪያው ነው” አለ አለቃችን።

“ስህተት የለበትም። ጉድለት አለበት” አሉና ብብታቸው ሥር አድርገው ሄዱ።

ለምን እንደወሰዱት አላውቅም። ሳውቅ እጽፍልሃለሁ።

ሰላምታውን አሁን ተቀበል።

እህትህ


መጋቢት 4

ለእህቴ፦

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ሁላችሁንም ያጽናችሁ።

ከሥራ ስመለስ መምህሩ አልነበረም፤ ሆስፒታል ተረኛ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አስቀምጦልኛል። “ወንድሜ ሆይ፣ እህትህ ደውላ ነበር። አባትህ በቤታቸው በሰላም ዐርፈዋል። አትደንግጥ ብላለች።” በዓይኑ ዐ። መምህሩ ፊደል አይስትም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ምናልባት ተሳስቷል ብዬ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። ዓይኑ ዐ ነው፤ ክቡን በደንብ ዘግቶታል። እኔ ገና ብሩሽ ሳልይዝ ከእሳቸው የተማርኩት ፊደል ነው።

ጣቢያችሁ ደጋግሜ ደወልኩ። መጀመሪያ ተይዟል አለኝ፤ ኋላ ጭራሽ አይጠራም። ለቀብሩ እንደማልደርስ ገባኝና ተውኩት።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ካሴት አሁን ወጥታለች። እኔ አለሁባት? የለሁም ብትዪኝም አልቀየምም። ግን ከሌላ ሰው ከምሰማው አንቺ ንገሪኝ። ረጅም ናት ወይ ብዬ የጠየቅኩሽ ለእጇ ክብደት እንዳልሆነ ያኔም ገብቶሽ ነበር።

አትጻፍልኝ ብለውኝ ነበር፤ ቃላቸውን የማከብር መስሎኝ አልጻፍኩም። አሁን የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ታፔላ ሊያሠራ የመጣ ባለሱቅ መጀመሪያ የሚናገረውን ጽሑፍ ተቀብለው አያውቁም። “ሂድና አስበህበት ተመለስ” ይሉ ነበር። ሁሉም ይመለሳል። እኔ ብቻ የመጀመሪያውን ቃል ይዤ ሄድኩ።

ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ሥራ ገብቻለሁ። ዛሬ የሰባተኛውን ፎቅ ቁጥር ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠና የሰባቷ ጅራት ረዘመ። አይተውት ቢሆን አስፍቀው ያስደግሙኝ ነበር። እንዳለ ተውኩት።

ለአክስቴ እቅፍ አድርገሽ ስሚልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 5

ለወንድሜ፦

በሕይወት ያለ አባት ላለው ወንድሜ ሰላምታዬ ይድረስ።

ደብዳቤህን ስርጭት ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። “ያጽናችሁ” የሚለው ላይ ስደርስ የማንን ሞት እንደምታወራ ግራ ገባኝ። “ዓይኑ ዐ” የሚለው ላይ ስደርስ ግን ወንበሬን ገልብጬ ወደ ስልኩ ሮጥኩ። ያኔ ያልጠራልህ አለቃችን ነቅሎት ነው። የከተማው ሰው እየደወለ “ዛሬስ ተራው የማነው?” ሲለው ሰለቸው። ይኸው አንድ ቀልድ ሸሽቶ ያንተን ዕንባ አስረዘመው።

ያነሣው መምህሩ ነው። ድምፄን እንደሰማ ማልቀስ ጀመረ። “እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ‘በሰላም አርፈዋል’ ሲባል እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነው” አለኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብነግረው አልሰማ አለ። “ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰው” አለኝ። “የመጀመሪያዋን መስመር አንብቦ ወጣ። ይዞት ሊፍት ውስጥ ገብቷል። እስካሁን ሲወጣና ሲወርድ ነው። ጎረቤቶች በደረጃ እየሄዱ ነው።”

ተወው፣ ይውጣ ይውረድ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ደብዳቤህን ይዤ ወደ ሱቁ። አባትህ መሰላል ላይ ሆነው የጫማ ሠሪውን ታፔላ ያድሳሉ። ፖስታውን ሲያዩ ወረዱ።

“ለአንቺ ነው የተጻፈው” አሉ።

“ስለ እርስዎ ነው።”

እጃቸውን ጠርገው ተቀበሉኝ። ቀስ ብለው አነበቡት፤ ጨርሰው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያነበውን ደብዳቤ ቆሞ መጠበቅ እንዲህ እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ “ይህን ዓይኑ ዐ የጻፈው መምህር ማነው?” አሉኝ።

“አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነው።”

“ጎበዝ ነው። ለሰማው ነገር ትክክለኛውን ፊደል ነው ያስቀመጠው። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ።”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ የተናገርኩት በአልፋው አ ነው።”

“በስልክ አልፋና ዓይን ማን ይለያል? ‘ጋደም ብለዋል’ ብትዪ ምን ነበረበት?”

“ጋደም ብለዋል ብለውስ ሌላ ነገር ቢመስለው?”

“አንቺ መናገር ተዪ፤ ካሴትሽን አጫውቺ” አሉኝ። ግን እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸውም ደህና አልነበረም።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ የቆመውን ካርቶን አዞሩልኝ። ያ ነጩ ካርቶን ነው። ከ“ዐርፈዋል” ሥር አንድ መስመር ተጨምሯል፦ “አንድ ልጅ አላቸው፤ ሊፍት ጠጋኝ።” ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል። ከጣቢያችን በወሰዱት ዕለት፣ ደብዳቤህ ገና ፖስታ ቤት እንኳ ሳይገባ የጻፉት ነው። በማግስቱ እንደገና ይቀረጽልኝ ብለው ጣቢያ ይዘውት መጡ። አለቃችን ግን ከእንግዲህ በሕይወት ያለ ሰው መርዶ ቁምሳጥን አይገባም የሚል ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ካርቶኑ አሁን ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሲገባ ያነብና “ማን ሞተ?” ይላል። “ማንም” ይላሉ።

ቺንጋህ ደርሷል። ዶክተር ገጠመው፤ ሳይወጥረው። እጇ አሁን ፎቋን አትስትም፤ ትንበያ ስትባል ትንበያ፣ ኳስ ስትባል ኳስ። የሳሙናዋ ሴት ናፈቀችን የሚሉ ሰዎች ብቻ ናቸው ቅር ያላቸው።

ፎቶህን ለእናቴ ሰጠኋት። ገልብጣ ይዛ “እንዴት አምሮበታል” አለች። ከዚያ “በይ አሁን ለባለቤቱ ውሰጂለት” አለችኝ።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ እጅ አይደለም። ደብዳቤዬን ልዘጋ ስል አባትህ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱብኝ።

እህትህ፣ የካሴቷ


ልጄ፦

ፎቶህን አየሁት። ከኋላህ ያለው ቁጥር ጥሩ ነው፤ ብሩሹን እንዳልጣልከው ገባኝ። ሰባትን ግን ፍቀህ እንደገና ጻፋት። እጅ ሲንቀጠቀጥ ቁጥር አይጻፍም፤ ይህን ነግሬህ ነበር።

አትጻፍልኝ ያልኩህ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስበህበት ትመለሳለህ ብዬ ነበር። አንተ ሳትመለስ እኔም ፀሐይ ስሞቅ ቆየሁ። አሁን እኔም አስቤበታለሁ። ጻፍልኝ። ስትመጣም ፀጉር ቤት አብረን እንገባለን፤ ልጅዎስ የት አለ ያለኝ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ያየናል።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብሩሼን አጥቤ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አረፍኩ።

ፊደሉን አስተውል።

አባትህ